ጳጉሜን የማያውቀው መስመር

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ነጥቡ ላይ ነው። ላፕቶፑ ላይ ሁለት መስመሮች፣ አንዱ ሰማያዊ አንዱ ቀይ፣ እንደ ደረጃ እየተሰበሩ ከግራ ወደ ቀኝ ይወርዳሉ። ሁለቱም በሚነሱበት የላይኛው ጥግ ላይ አንድ ወፍራም ጥቁር ነጥብ ነበር። ዝንብ መስሎኝ በእጄ እሽ አልኩት፤ አልተነሣም። ቆሻሻ ይሆናል ብዬ በጣቴ ጫፍ ጠረግሁት። ናኢማ ስክሪኑ ሲወዛወዝባት ቀና ብላ እጄን አየችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የተቀመጥነው መርካቶ ጭድ ተራ፣ በጋሼ ጁነዲን ሱቅ ውስጥ ነው። ጋሼ ጁነዲን ጆንያና ገመድ ይሸጣሉ። ጤና ጣቢያው ከጠዋት ጀምሮ መብራት ስለጠፋበት ናኢማ ላፕቶፗን ይዛ እዚህ መጥታለች። ላፕቶፑ በአንድ እስር ጆንያ ላይ፣ እሷ በሌላው ላይ፣ እኔ በሦስተኛው ላይ ነን። ለአንድ መጽሔት የመርካቶ ሰዎችን ሕይወት እጽፋለሁና ከእሷ ጋር ከሳምንት በፊት ቀጠሮ ይዘን ነበር። ስደርስ ግን፣ ዛሬ የማወራበት አፍ የለኝም፣ ከፈለግህ ተቀምጠህ እይ አለችኝ። ተቀምጬ አየሁ።

ናኢማ በጤና ጣቢያው የቲቢ ሕመምተኞችን የምትከታተል ነርስ ናት። የቲቢ መድኃኒት ስድስት ወር ሙሉ በየቀኑ ይዋጣል፤ ሕመምተኛው ጠዋት ጠዋት ጤና ጣቢያ እየሄደ ነርስ እያየችው ይውጣል። ለመርካቶ ተሸካሚ ግን ጠዋት የራሱ ሕግ አለው። ከክፍለ ሀገር ጭነው ያደሩ መኪኖች የሚራገፉት ጠዋት ነው፤ ተሸካሚው የሚጠራውም በተራ ነው። ሲጠራ ያልተገኘ ተራው ያልፈዋል፤ ተራው ያለፈው ቀኑ ያልፈዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰሞን ጤና ጣቢያ ይመጣሉ። ሳሉ ረገብ፣ ጉልበታቸው መለስ ሲል ይቀራሉ። መድኃኒት የተቋረጠበት ቲቢ ደግሞ ሲመለስ ያንኑ መድኃኒት ንቆ ነው የሚመለሰው።

ይህን ከትምህርት ቤት በፊት ከቤቷ ነው ያወቀችው። አባቷ ከስልጤ በልጅነታቸው መጥተው እዚሁ ጭድ ተራ ሸክም ጀመሩ። ሲታመሙ መድኃኒቱንና ተራውን ማስታረቅ አቃታቸው፤ ጀምረው ተዉት፣ እንደገና ጀምረው ተዉት። በሕይወት አሉ። አማኑኤል ከሚገኘው ቤታቸው ፎቅ ሲወጡ ግን ሁለቴ ያርፋሉ፤ ሲያርፉም ግድግዳውን የሚያደንቁ ይመስላሉ አለችኝ።

በጋሼ ጁነዲን ሱቅ ግድግዳ ላይ ምስማሮች ተደርድረዋል። ተሸካሚዎቹ ማታ ገመዳቸውን እዚህ ያሳድራሉ፤ እያንዳንዱ ምስማር ባለቤት አለው። ናኢማ አንድ ቀን ጆንያ ልትገዛ ገብታ ይህን አየች። ከመጋቢት መጀመሪያ አንሥቶ የተሸካሚዎቹ ክኒን በየስማቸው ታሽጎ ከጋሼ ጁነዲን ጠረጴዛ ሥር ይቀመጣል። ጠዋት አንዱ መጥቶ «ገመዴን» ሲል መጀመሪያ የሚሰጡት ክኒኑንና አንድ ኩባያ ውኃ ነው። ሳይውጥ ገመድ የለም። ገመድ ከሌለ ሸክም የለም።

ነገሩ ለሙከራ የተፈቀደ ነበር። ዛሬ ከምሳ በኋላ ኮሚቴ ተቀምጦ ይቀጥል ወይም ይቁም ብሎ ይወስናል። የሚወስነውም ይህን ግራፍ አይቶ ነው። ቀዩ መስመር ጤና ጣቢያ እየሄዱ የሚውጡት ናቸው፤ ሰማያዊው የገመድ ሱቁ ሰዎች። አንድ ሰው መድኃኒቱን ባቋረጠ ቁጥር መስመሩ አንድ ደረጃ ይወርዳል። ከፍ ብሎ የቆየው መስመር ሰዎቹን ይዞ የቆየ ነው።

ሰማያዊው ከቀዩ በታች ነበር።

ጋሼ ጁነዲን መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ስክሪኑን አዩት። «የኔም ቤት ደረጃ እንዲህ ነው» አሉ። «ልዩነቱ የኔው መውጣትም ይቻልበታል።»

ናኢማ አልሳቀችም። ስልኳ ጮኸ። የፕሮግራሙ አስተባባሪ አቶ ውብሸት ነበሩ። ግራፉን ጠዋት በቴሌግራም ልካላቸው አይተውታል፤ የኮሚቴው ሰዎችም አይተውታል። ድምፃቸው ከስልኩ ወጥቶ ለሁላችንም ይሰማ ነበር። ሰዎቹ እንዲህ በብዛት ካቋረጡ ክኒኑ የት ገባ የሚል ጥያቄ ተነሥቷል አሏት። በሱቁ በኩል ይሸጥ ይሆን ወይ ያለም አለ።

ጋሼ ጁነዲን ጆንያ እያጠፉ ነበር። እጃቸው ቆመ። ከዚያ ማጠፉን ቀጠሉ፤ ያጠፉትን ጆንያ ግን ፈተው እንደገና አጠፉት።

ናኢማ ስልኩን ዘግታ ወደ ሠንጠረዡ ተመለሰች። ኤክሴል በራሱ ደረጃ መሣል አያውቅም፤ ነጥብን ከነጥብ ማገናኘት ነው የሚችለው። ስለዚህ አንድ ሰው ያቋረጠበት ቀን ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ አንዴ ሰውየው ገና ሳለ በነበረው ከፍታ፣ አንዴ ከሄደ በኋላ በቀረው ከፍታ። በሁለቱ መካከል መስመሩ ቀጥ ብሎ ይወድቃል። ይህን ስታስረዳኝ እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ቀረ። አንድ ቀን፣ አንዴ ከሰውየው ጋር፣ አንዴ ያለ እሱ። የሐዘን ቤት ሁሉ እንዲህ አይደል የሚቆጥረው?

ያላቋረጠ ሰው ደግሞ ደረጃ አይሆንም። መድኃኒቱን ጨርሶ የወጣ ወይም ገና እየወሰደ ያለ ሰው፣ እስካየነው ድረስ ነበረ፣ ከዚያ ወዲያ አላየነውም ለማለት፣ በደረሰበት ቀን መስመሩ ላይ ትንሽ ጥቁር ጭረት ይደረግለታል። መስመሩ በእሱ ምክንያት አይወርድም። ጸጥ ብሎ ከቆጠራው ይወጣል እንጂ።

ቁጥሮቹን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው፤ ቀመሮቹን አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። ሁሉም ትክክል ይመስላሉ። ውጭ አንድ አይሱዙ ወደ ኋላ እየሄደ መንገዱን ዘግቶ ሰው ይጮህበታል። እሷ ከንፈሯን ነክሳ ስክሪኑን ታያለች። አቶ ውብሸት እንደገና ደወሉ፤ አላነሣችም።

ከዚያ ከስክሪኑ ዓይኗን አንሥታ ግድግዳውን ማየት ጀመረች። ጣቷን ወደ ምስማሮቹ እየዘረጋች እንደ መምህር ስም ጠራች ማለት ይቻላል፤ ይኼኛው ጨርሷል፣ ይኼኛው ጨርሷል፣ ጥግ ያለው ጨርሷል፣ እሱማ የጨረሰ ቀን ለሁላችንም ለስላሳ ገዝቷል። ጋሼ ጁነዲን እያንዳንዱን በራሳቸው ነቀነቃ አጸደቁ። እንደገና ወደ ሰማያዊው መስመር ዞረች። የቀኙን ጫፍ፣ ስድስተኛው ወር የሚያልቅበትን ቦታ፣ በጣቷ ነካችው። ባዶ ነበር።

«የጨረሱት የታሉ?» አለች።

የጠየቀችው እኛን አልነበረም።

የማውሱን ቀስት ቀኝ ጫፍ ላይ ስታዞረው ቆየችና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራ፣ ደረጃውን ወደ ላይ እየተከተለች መጣች። እኔ ዝንብ ያልኩት ነጥብ ላይ ስትደርስ ቆመች። ቀስቱን ስታሳርፍበት ቀኑን የሚናገር ትንሽ ሳጥን ብቅ አለ። ዜሮ ይላል። አንድ ነጥብ አልነበረም። ጭረቶች ናቸው፤ አንዱ በሌላው ላይ፣ ሌላው በእሱ ላይ ተደራርበው ጠቁረው።

መድኃኒቱን የጨረሱት ሁሉ እዚያ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ላይ ተከምረው።

ወደ ሠንጠረዡ ሮጠች ብል ማጋነን አይሆንም፤ ጣቶቿ ናቸው የሮጡት። መድኃኒት ለመጨረሻ ጊዜ የተወሰደበት ቀን የተጻፈበት ዓምድ ላይ ብዙዎቹ ቀኖች ወደ ቀኝ ተጠግተዋል፤ ጥቂቶቹ ግን ወደ ግራ። ኤክሴል ቀን መሆኑን ያወቀውን ወደ ቀኝ ያስጠጋል፤ ያላወቀውን ጽሑፍ ነው ብሎ ወደ ግራ ይተወዋል። ወደ ግራ የተጠጉት ሁሉ በአሥራ ሦስተኛው ወር የተጻፉ ነበሩ።

ጳጉሜን።

የገመድ ሱቁ የተከፈተው በመጋቢት መጀመሪያ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ከዚያ ስድስት ወር ሲቆጥሩ ጳጉሜን ላይ አረፉ። ለመስቀል አገር ቤት ጤነኛ ሆኖ ለመግባት ከዚህ የተሻለ ቀን ማን ይመርጣል? ናኢማ ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር አስገባች፤ አንድ ሁለት ቀን ቢዛባም መስመሩን እንደማይለውጠው ታውቅ ነበር። አሥራ ሦስተኛ ወር ሲገጥመው ግን ኮምፒውተሩ ቀን አይደለም አለ። ቀን ያልሆነን ነገር መቀነስ አይቻልምና ስሕተት ሰጠ። እሷ ደግሞ ቀደም ብላ፣ ስሕተት ስታገኝ ዜሮ ጻፍ ብላ አዝዛው ነበር። ገጹ ንጹሕ እንዲሆን። ያ ንጽሕና ነው የበላት። የጨረሱት ከመጀመሪያው እንዳልነበሩ ሆኑ፤ እነሱ በሌሉበት የሚያቋርጥ አንድ ሰው ደግሞ ከጥቂቶች መካከል የወደቀ ሆኖ መስመሩን ይዞት ይወርዳል።

«እና ይኼ ማሽን» አሉ ጋሼ ጁነዲን፣ «ጳጉሜን የት ሄዶ ነው ያላየው?»

«አገሩ ጳጉሜን የለም፣ ጋሼ።»

«አይ። አሥራ ሁለት ወር ብቻ ኖሮ የኛን ሰው ሊለካ።»

ማስተካከያው ሲታይ ልጅነት ነበር። ቀን መሆኑን ለኮምፒውተሩ መንገሯን ተወች። የእኛ ወር ሁሉ ሠላሳ ነውና ወሩን በሠላሳ አባዝታ ቀኑን ደመረችበት፣ አዲስ ዓመት ለተሻገረውም ሦስት መቶ ስድሳ አምስት ጨመረች፤ ጳጉሜንም በዚያው ስሌት ተሰልፎ ገባ። ጥግ ላይ ያለው ጥቁር ነጥብ ተበተነ። ጭረቶቹ ከዜሮ ተነሥተው የስክሪኑን ስፋት በአንድ ጊዜ ተሻግረው ቀኝ ጫፍ ላይ ተደረደሩ። ሰማያዊው መስመር ከቀዩ ሥር ወጥቶ ከላይ ተዘረጋ። ቁጥር እንዲህ ሲነሣ አይቼ አላውቅም። ጋሼ ጁነዲን አልሐምዱሊላህ አሉ።

ናኢማ ግን ፊቷ አልተፈታም። በጳጉሜን ከተጻፉት መካከል አንዱ ቀኝ ጫፍ አልደረሰም። ጭረቱ አምስተኛው ወር አካባቢ ብቻውን ቆሟል። ሰብሐት ይባላል። ሚያዝያ ላይ የጀመረ፣ ሥራውም መዋጡም የማይጓደል፣ በአውቶቡስ ተራ ከወልቂጤ አውቶቡሶች ጣራ ላይ ዕቃ የሚጭንና የሚያወርድ ሰው። ጳጉሜን ላይ ለመስቀል አገር ገባ። ከስሙ ጎን «አልታወቀም» ብላ ጽፋ ነበር፤ ያኔ እውነት ነበር። አሁን ሕዳር ነው። በሕጉ ሁለት ወር መድኃኒት ያልወሰደ ሰው አቋርጧል ይባላል።

ደወለችለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። በአገሩ ላለው ጤና ጣቢያ ደወለች። እዚያ ያለችው ነርስ መዝገቡን ስታገላብጥ ይሰማን ነበር። በዚህ ስም የመጣ የለም አለች።

ናኢማ «አልታወቀም» የሚለውን አጥፍታ «አቋርጧል» ብላ ጻፈች። መስመሩ ወደቀ። ከሱቁ ሰዎች ብዙዎቹ ክረምት ላይ የጀመሩ ስለሆኑ አምስተኛው ወር ላይ ገና አልደረሱም፤ እዚያ የቆሙት ጥቂት ናቸው። ከጥቂቶች መካከል አንድ ሰው ሲጎድል ደረጃው ጥልቅ ነው። ሰማያዊው ከቀዩ ጋር ሊነካካ ትንሽ ቀረው።

ይህን ጊዜ የአቶ ውብሸትን ስልክ አነሣች። የጳጉሜኑን ነገር ነገረቻቸው፤ ደስ አላቸው፤ አዲሱን ላኪልኝ አሏት። ላከች። ከፍተው አዩት።

«ይቺ መጨረሻ ላይ ያለችው ምንድን ናት?»

ነገረቻቸው።

«አገሩ ነው የገባው። ተዛውሯል በይው፤ ጭረት ይሆናል፣ መስመሩም አይወርድም።»

«የት ተዛወረ ልበል?»

«ናኢማ፣ ሰዎቹ መስመር ነው የሚያዩት። በአንድ ሰው ምክንያት ይህን ሁሉ ሰው ከገመዱ ልታወርጂ ነው?»

ክፉ ሰው አልነበሩም። ሙከራው እንዲፈቀድ በየቢሮው የዞሩት እሳቸው ናቸው። ለዚህ ነው መልሱ የከበዳት። ስልኩን በጆሮዋ ይዛ ግድግዳውን አየች። በሩ አጠገብ ካሉት ምስማሮች በአንዱ ላይ ከሌሎቹ የነጣ፣ አቧራ የለበሰ ገመድ ተንጠልጥሏል። ጋሼ ጁነዲን ዓይኗን ተከትለው አዩት።

«የሱ ነው» አሉ ዝቅ ብለው። «ገመዱን ትቶ የሄደ ሰው ሄደ አይባልም። ይመጣል። እኔም ይመጣል ብዬ ነው ገመዱ መቅረቱን ያልነገርኩሽ።»

«ጋሼ፣ ገመዱ መድኃኒት አልዋጠም።»

ይህን ስትል ስልኩ አልተዘጋም ነበር። አቶ ውብሸትም ሰምተዋል። እንደፈለግሽ አሏትና ዘጉ።

ስብሰባው ላይ ከኋላ እንድቀመጥ ፈቀዱልኝ። መብራት ተመልሶ ግራፉ ግድግዳው ላይ በርቶ ነበር፤ ደረጃዎቹ ከሰው ቁመት በላይ ሆነው። ናኢማ በመጀመሪያ ጠዋት የላከችው ስሕተት መሆኑንና ስሕተቱም የራሷ መሆኑን ተናገረች። አንድ ሰው ጳጉሜን ሲባል ሳቅ አለ፤ ክኒኑ ይሸጣል ብሎ የጠረጠረው እሱ እንደነበረ ኋላ ነው የሰማሁት። ከዚያ ሰብሳቢዋ ዶክተር ማሂራ እስክሪብቷቸውን አነሡና መጨረሻ ላይ ያለውን ጥልቅ ደረጃ ጠቆሙ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

አቶ ውብሸት ጠረጴዛውን አዩ።

«አንድ ሰው ነው» አለች ናኢማ። «ለመስቀል አገሩ ገባ። አልተመለሰም፤ እዚያም አልተገኘም።»

ስንት ጊዜ ሆነው፣ መሄዱንስ መቼ አወቃችሁ ተባለች። መሄዱን በሄደበት ጠዋት ማወቅ ይቻል እንደነበር ተናገረች። ገመዱ ምስማሩ ላይ ቀርቶ ነበርና። ሁሉም አይቶታል። ይመጣል ማለት ነው ብለው አለፉት። ሌላ ሰው ነገ ለገና፣ ለአረፋ አገሩ ሲገባ እንዲሁ ያልፉታል፤ ይህን ደረጃ ካጠፋችው።

ረጅም ጊዜ ተከራከሩ። አንዱ፣ ሁለቱ መስመሮች ይህን ያህል ከተቀራረቡ ሱቅ ለምን አስፈለገ አለ። ሌላዋ፣ ሰዎቹ ቶሎ የሚያቋርጡት የት እንደሆነ እዩ፣ ቀዩ እኮ ገና በሁለተኛው ወር ነው የሚፈርሰው አለች። አቶ ውብሸት በመጨረሻ ተናገሩ። ጠዋት ራሳቸው ያቺን ደረጃ እንድታነሣት መክረዋት እንደነበር፣ እሷ እንዳልሰማቻቸው ብቻ ተናግረው ተቀመጡ።

ውሳኔው ሙሉ ድል አልነበረም። የገመድ ሱቁ እስከ ፋሲካ ይቀጥላል፤ ከዚያ እንደገና ይታያል። አንድ ጠዋት ገመዱ ምስማሩ ላይ ከቀረ ናኢማ በዚያው ቀን ሰውየውን ትፈልጋለች፤ አገር የሚገባም ከመሄዱ በፊት በአገሩ ካለው ጤና ጣቢያ ጋር ይያያዛል።

ወደ ጭድ ተራ ስንመለስ ጋሼ ጁነዲን በሩ ላይ ቆመው ነበር። ፊቷን አዩት። እስከ ፋሲካ አለቻቸው። እሳቸውም ከፋሲካ በኋላ ደግሞ አረፋ አለ አሉ፤ ሲቀልዱ ይሁን ሲጸልዩ አልለየሁም።

ናኢማ ግን አልተቀመጠችም። ከበሩ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ገመዱን አወረደች። አቧራውን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ ጠቀለለችና ትከሻዋ ላይ አደረገችው።

«ምን ልታደርጊው ነው?» አሉ ጋሼ ጁነዲን።

«የወልቂጤ ሹፌሮች ያውቁታል። ገመዱን ይዤ ብጠይቃቸው ስለ ማን እንደምጠይቅ አይጠፋቸውም።»

«ካገኘሽውስ?»

«ክኒንህ አሁንም ጋሼ ጁነዲን ጋ ነው እለዋለሁ።»

ጋሼ ጁነዲን ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር ክኒኑ የታሸገበትን ከረጢት በእጃቸው ነካ አደረጉት፤ እዚያው መኖሩን ያረጋገጡ ይመስላል።

እኔ ገና ብዙ የምጠይቃት ነበረኝ። የተወለደችበትን ዓመት እንኳ አልያዝኩም። ስብሰባው ላይ የታደለው፣ ግራፉ የታተመበት ወረቀት እጄ ላይ ነበርና ልመልስላት ዘረጋሁት፤ ያዘው አለችኝና ወጣች። ከፊቷ ጆንያ የተሸከመ ሰው ጎንበስ ብሎ መንገድ፣ መንገድ እያለ መጣ። ቆማ አሳለፈችው። ከዚያ ገመዱን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ፣ ወደ አውቶቡስ ተራ በሚወስደው ቁልቁለት፣ ሰዉን በትከሻዋ እየከፈለች ወረደች።